የሚስቴን ስም ለማስመስከር ወደ መርጡለ ማርያም

ጠበቃ አልቀጥርም ያልኩት እልኸኛ ስለሆንኩ ነው ይላሉ የሚያውቁኝ። ልክ ናቸው። ግን እልህ ብቻ አይደለም። ሰው ሚስቱ ሚስቱ መሆኗን ለማስረዳት ሌላ ሰው ቀጥሮ ማናገር ካለበት ትዳሩ የማን ነው? እኔ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሜሮን አሜሪካ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የቪዛ ማመልከቻዬን እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እየተደዋወልን፣ ሲጠፋ እየጠበቅን፣ መስመር በመስመር ራሳችን ሞላነው። የጠየቁንን ሁሉ ስንልክ ሁለት ዓመት ከቆየን በኋላ፣ ፋይሉ ሊያልቅ ሲል አንድ ወረቀት ተመለሰብን። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ነበር።

ምክንያቱ አጭር ነው። በወረቀቱ ላይ ያለችው ሚስት ስሟ ኑሪልኝ ይላል። አመልካቿ ደግሞ ሜሮን ናት። እንግዲህ ኑሪልኝ ማን ናት?

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ገጠር ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ በዚያ ስም ነው የሚጠራት፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚጠይቅም የለም። እናቴ ሜሮን የሚለውን ስም ስትሰማ «ሜሮን እኮ የሚቀቡት ነው፤ የሚጠሩት ላውጣላት» አለችና ሦስት ቀን አስባ «ኑሪልኝ» አለቻት። መንደሩም እልል አለ። በሳምንቱ ጋብቻችንን ለማስመዝገብ መርጡለ ማርያም ከተማ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ስንሄድ መዝጋቢው ሠርጋችን ላይ ሲጨፍር የከረመ የጎረቤት ልጅ ነበር። መታወቂያ አላየም። ምን ያይ? ሙሽራዋን ያውቃታል። «ኑሪልኝ» ብሎ ጻፈ፣ እኛም ፈረምን። ተማሪዎቼን «ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ» እያልኩ ዓመታት የፈጀሁ ሰው የራሴን ጋብቻ ሳላነብ ፈረምኩ። በኋላ ሳየውም «ምን ችግር አለው፣ ስሟ ነው» ብዬ አስተርጉሜ ላክሁት።

መናኸሪያው አጠገብ ቢሮ የከፈተ አንድ አማካሪ አለ። ለጠበቃ ፋይል የሚያቀብል፣ ራሱም እንደ ጠበቃ የሚያደርገው ሰው ነው። ጓደኞቼ ገፍተው ወሰዱኝ።

«ቀላል ነው» አለኝ። «አዲስ ጋብቻ እናወጣልሃለን። በሜሮን ስም፣ በአዲስ ቀን። ምስክር አለኝ።»

«ሠርጌ ላይ ያልነበረ ምስክር?»

«ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ይኑር እንጂ ሠርጉ ላይ ማን ያየዋል? በራሴ እጨርሰዋለሁ ብሎ የተሳካለት ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«እንግዲያው እኔን ታያለህ» ብዬው ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ትንሽ ጠበቅ አድርጌዋለሁ።

የሠርጌን ምስክሮች ይዤ ወረቀቱን ለማስተካከል መርጡለ ማርያም መሄድ ነበረብኝ፤ መንገዱ ግን ሲዘጋና ሲከፈት ነው የከረመው። በጥቅምት አንድ ሳምንት ተከፍቷል ሲባል ርእሰ መምህሩ ከሰኞ እስከ ቀጣዩ ሰኞ ፈቃድ ሰጠኝ። መርጡለ ማርያምን በስም እንጂ በእግር ለማታውቁ፣ ጉዞው እንዲህ ነበር።

ሰኞ

ከማርቆስ ወደ መርጡለ ማርያም ለመሄድ መጀመሪያ ፊትን አዙሮ የአዲስ አበባን መንገድ መያዝ ነው። ካርታ ላይ ለተማሪዎቼ በጣቴ ሳሳያቸው ስንዝር የማይሞላው አገር፣ በአምበር፣ በሉማሜ፣ በደጀን ዞሮ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሰሜን በቢቸና ነው የሚደረሰው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ላይ ፋይል፣ ፋይሉ ውስጥ የጋብቻ ወረቀቱ፣ የሠርግ ፎቶዎች፣ የሜሮን ፓስፖርት ኮፒ አሉ።

አምበር ላይ አንዲት ነጋዴ ሴት የሽንኩርት ጆንያ ይዘው አጠገቤ ገቡ። ጆንያው እግሬ ላይ፣ እሳቸው ትከሻዬ ላይ ሆኑ። ፋይሉን እንደ ሕፃን ማቀፌን አይተው «ምንድን ነው እንዲህ የምትሳሳለት?» አሉኝ።

«ሚስቴ ናት» አልኳቸው።

«አይ! ምነው እንዲህ ቀጠነችብህ?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ማርቆስ ከተማ ውስጥ ታክሲ ላይ ማንም ማንንም አያናግርም፤ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። እዚህ ሉማሜ ሳንደርስ ጉዳዬን ሁሉም ተሳፋሪ አወቀው፤ ግማሹ «ጠበቃ ያዝ» ግማሹ «እንዳትይዝ» ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ኬላ ላይ አስወርደው ሲፈትሹንም የሠርጉን ፎቶ የያዘው ፈታሽ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል አየ። «ደስ የሚል ሠርግ ነበር» አለና መለሰልኝ።

ስህተቴ ደጀን ላይ ነው። መኪና ስንቀይር ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሲጭን ፋይሉን ከተትኩበት፤ ጉልበቴ ደክሞት ነበር። የጥቅምትን ሰማይ ማን ይጠረጥራል? ቢቸና ልንገባ ስንል ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደ። አልጋ ከያዝኩበት ቤት ሻንጣውን ስከፍተው የጋብቻ ወረቀቴ እንደ ራሰ እንጀራ ጫፉ ተጣጥፏል። አለቀስኩ ማለት ይቀላል። ስድቤን ግን አልጽፈውም።

የቤቱ ባለቤት ድምፄን ሰምተው መጡ፤ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ምንም ሳይሉ ወረቀቶቹን ተቀበሉኝና በነጭ ነጠላ መካከል አነጠፏቸው። ከዚያ የከሰል ካውያ አምጥተው፣ ከላይ ከላይ፣ በጣም በዝግታ ተኮሷቸው። ማኅተሙ ላይ ሲደርሱ ካውያውን አነሱ። «ይህን እፍ እያልክ አድርቀው፤ ማኅተም እሳት አይወድም» አሉኝ። ማርቆስ አልጋ ስትይዝ መታወቂያ ነው የሚጠይቁህ። እሳቸው መታወቂያም አልጠየቁኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ብቻ ጠየቁኝ፣ ስነግራቸው አያቴን ያውቁታል። እራት ዶሮ አቀረቡልኝ፤ ሚስቱ አጠገቡ ለሌለች ሰው ነው አሉ።

ማክሰኞ

ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ በጠዋት ወጣን። ሁለቱም ወገን ጤፍ ነው፤ ገና አረንጓዴ ያለውም፣ መድረቅ የጀመረውም አለ። ውበቱን ሳደንቅ ጎማችን ፈነዳ። መለዋወጫ ጎማው ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ነበር። ሾፌሩ በሚያልፍ ሞተር ተሳፍሮ ጎማ ሊያስለጥፍ ሄደ፣ እኛም መንገድ ዳር ቀረን።

ከመንገዱ በላይ ያለ ቤት ባለቤት ወጣና «ምነው ፀሐይ ላይ? ግቡ እንጂ!» ብሎ ሁላችንንም፣ አሥራ ሦስት ሰው፣ አስገባን። ቆሎና ጠላ ቀረበ። የእኔ ጉዳይ እዚያም ተነሳ፤ ባለሽንኩርቷ ባይኖሩም ወሬዬ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ሰውየው ሰምቶ ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ።

«እኔስ የሚስቴን የአባቷን ቤት ስም ረስቼዋለሁ እኮ!» አለና ወደ ጓዳ ተጣራ። «አንቺ! ስምሽ ማን ነበር?»

ከጓዳ መልስ መጣ፦ «የቱ?»

እኔም ሳቅሁ። ግን ውስጤ ተቆጣ። ይህን ሁሉ ሕዝብ፣ ይህን ሁሉ ሁለት ስም ያለውን ሴት፣ አንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ካልሞላ የለም የሚለው ማን ነው? ስለ እኔ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ቀረ።

መርጡለ ማርያም ስንደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ፤ እኔ የመጣሁት ለማኅተም ነው። ደጁ ላይ ተሳልሜ አለፍኩ። ጽሕፈት ቤቱን ሄጄ አየሁት። በሩ ተዘግቷል፣ ግን አለ። መኖሩ በቃኝ።

ረቡዕ

መንደራችን ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ልጅ ሆኜ በአንድ ሰዓት እሮጠው ነበር፤ አሁን የማርቆስ አስፋልት እግሬን አስንፎታል። እናቴን ከጓሮ ጌሾ ስትቀጥፍ አገኘኋት። እናቴ ጥሩአየሁ ትባላለች፤ ይህም ስም አማቷ ያወጣችላት ነው። የመጀመሪያውን እኔም የሰማሁት በስንት ልመና ነው።

ሳመችኝ፤ አገላበጠችኝ፤ «ከሳህ» አለችኝ። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ በላን። ከምግብ በኋላ ፋይሉን ፈታሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስትሰማ ዓይኗ ከወረቀቱ አልተነሳም። ማንበብ አትችልም፣ ግን ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ምን ላድርግልህ ነው?»

«መመስከር ብቻ። ኑሪልኝና ሜሮን አንድ ሰው መሆናቸውን።»

«እሱማ እውነት ነው። እመሰክራለሁ» አለች።

አንድ ነገር ግን አልተናገረችም። እናቴ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ፣ አሜሪካ መሄዴ በተነሳ ቁጥር፣ ዝም ትላለች። ሂድ ብላኝም፣ አትሂድ ብላኝም አታውቅም። እኔም አልጠይቃትም። አንድ ልጇ ነኝ፤ መልሱን መስማት እፈራ ነበር።

ሐሙስ

አራት ሆነን ወደ ከተማ ወረድን። እናቴ፣ የአባቴ ወንድም አያ ሙሉቀን፣ እና የኔታ። የኔታ በመንደራችን ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ሠርጋችንን የባረኩ ሽማግሌ ናቸው። ሦስቱም ሠርጉ ላይ ነበሩ፤ የሚፈለገው ሦስት ምስክር ነው። መንገድ ላይ አያ ሙሉቀን «አሜሪካ ለመሄድ መርጡለ ማርያም በእግር መሄድ ያስፈልጋል ብሎ ማን ነገረህ?» እያለ ሲያበሽቀኝ ደረስን።

መዝጋቢዋ አሁን ሌላ ናት፤ ጨዋ ልጅ፣ ጽሕፈቷ እንደ ዶቃ የተሰካ። ጉዳዩን ወዲያው ገባት። ከመሳቢያ አንድ ቅጽ አወጣችና ሞላች፣ ከዚያም ለምስክሮቹ ጮክ ብላ አነበበች፦

«…የሚስት ስም ኑሪልኝ ተብሎ የተመዘገበው በስህተት መሆኑን፣ ትክክለኛ ስሟ ሜሮን መሆኑን እንመሰክራለን።»

አያ ሙሉቀን ፈረመ። እናቴ አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ዘርግታ ነበር። ሰበሰበችው።

«ምን አልሽ ልጄ? መልሺው እስቲ።»

መዝጋቢዋ ደገመችው።

«በስህተት?» አለች እናቴ። «ተሳስቼ ነው ያወጣሁላት? ሦስት ቀን አስቤ፣ ሰው ሰብስቤ፣ እልል ተብሎ… ስህተት ነው?»

«እማማ፣ ቅጹ ላይ ያለ ቃል ስለሆነ ነው። ምንም ማለት እኮ አይደለም።»

«ምንም ካልሆነ አውጪዋ።»

«ቅጹ ላይ የታተመ ነው፤ ማውጣት አልችልም።»

«እንግዲያው እኔም ጣቴን አላስገባም።»

ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት፣ አምበር፣ ኬላ፣ ዝናብ፣ ካውያ… ሁሉ በአንዲት ቃል! «እማ፣ አንዲት ቃል ናት!» ብዬ ጮህኩ። ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እናቴ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የማርቆሱን ሰውዬ ለምን ትተኸው መጣህ?» አለችኝ።

«ዋሽ ስላለኝ።»

«እኔንስ ምን እያልከኝ ነው?»

ከማርቆስ እስከዚህ ድረስ እውነተኛ ነኝ እያልኩ ደረቴን ነፍቼ የመጣሁት ሰው፣ እናቴን እንድትዋሽልኝ ነበር ያመጣኋት። አፈርኩ። እዚያው ቆሜ፣ የተናገርኩትን ሁሉ ሰው እየሰማ፣ የቀረውንም ተናዘዝኩ። ማመልከቻው ላይ «ሌላ የሚጠሩበት ስም ካለ» የሚል ቦታ ነበር። የሌባ ቅጽል ስም የሚጠይቅ መስሎኝ «የለም» ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ለሜሮን በስልክ ሳነብላት እሷም «የለኝም» ብላለች። መዝጋቢው አይደለም ያጠፋው፤ እኛ ነን ስሟን የካድነው።

«አየህ?» አለች እናቴ። ጽሕፈት ቤቱም ለምሳ ተዘጋ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ መዝጋቢዋ ስብሰባ ተጠራች።

ያን ቀን ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር ተቀመጥን። የኔታ ጠዋት ቃል ሳይተነፍሱ ነው የዋሉት። እዚህ ግን ወደ እናቴ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

«ጥሩአየሁ፣ ስሙን ስታወጪው ሰም ለበስ አድርገሽዋል። ላይ ላዩን ዕድሜ ይስጥልኝ ነው፤ ኑሪልኝ። ውስጡ ግን እዚሁ ኑሪልኝ ነው። አትሂጂብኝ። እውነት ነው?»

እናቴ መሬቱን እያየች «እርስዎ ምን ይሰወርዎታል» አለቻቸው።

ሜሮን አውሮፕላን ልትሳፈር ሦስት ሳምንት ሲቀራት ያወጣችላት ስም ነበር። ስሙን በጠራች ቁጥር ስትለምነን ኖራለች፣ እኔ ጂኦግራፊ የማስተምረው አልሰማኋትም። እናቴ ዝም አትልም ነበር ለካ። ነግራናለች።

«ለነገሩ» አሉ የኔታ ወደ እኔ ዞረው፣ «አብራምን አብርሃም ያለው አምላክ ተሳስቶ ነው? ሳውል ጳውሎስ ሲባል ማን በስህተት ተመዘገበ አለ? ሁለት ስም ማለት ስህተት አይደለም። ቃሉን እኛው እናበጀዋለን፤ ብዕር አውጣ።»

ሲጽፉ ብዙ ይሰርዛሉ። አያ ሙሉቀን አንድ ጊዜ «የኔታ፣ ቅኔ አታድርጉት፣ ፈረንጅ ነው የሚያነበው» ሲላቸው በመቋሚያቸው መቱት። የወጣችው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ሜሮን ተብላ የተወለደችውና ኑሪልኝ ተብላ የተዳረችው አንዲት ሴት መሆኗን፣ ስሙን ያወጣችላትም አማቷ መሆኗን፣ በሠርጉ የነበርን እንመሰክራለን።»

ለእናቴ ተነበበላት። «እቺ እውነት ናት» አለች።

ዓርብ

ያደርነው የኔታ ያስተማሩት አንድ መሪጌታ ቤት ነው። አልጋቸውን ለእናቴ ለቀው እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር መሬት ተኙ፤ ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ማርቆስ እንግዳ ሲመጣብኝ ሆቴል እንደማስይዘው ትዝ ብሎኝ ፊቴ ጋለ።

ጠዋት መዝጋቢዋ ዓረፍተ ነገሯን አነበበችና ሁለት ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። «ጥሩ ነው። ግን ከቅጹ ውጭ ስለሆነ ኃላፊው ካልፈረመ አይሆንም።» ኃላፊው የሉም። እስከ አራት ሰዓት በራቸው ላይ ተቀመጥን። ይመጣሉ ሲባሉ አልመጡም፤ አይመጡም ሲባሉ መጡ። ቆመው አነበቡት።

«እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈን አናውቅም» አሉ።

«እኔም ለአሜሪካ መስክሬ አላውቅም» አለቻቸው እናቴ። «ሁላችንም ዛሬ እንጀምር።»

ኃላፊው ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ አመለጣቸው። ሆኖም ወዲያው አልፈረሙም፣ እውነቱን ልናገር። አለቃ እጠይቃለሁ አሉ፤ ስልኩ አልሠራም። ነገ ኑ አሉ፤ ነገ ቅዳሜ ነው አልናቸው። የተለመደውን ቅጽ ብትፈርሙ ይቀላችኋል አሉ። ይህን ጊዜ እኔም ገባሁበት። «አይቀለንም» አልኩ። «ቅጹ ውሸት ነው። ቅጹን የፈረመ ምስክር ነገ ኤምባሲ ቢጠየቅ ምን ይላል? እኛ የምንፈልገው እርስዎ እዚህ አገር የሚያውቁትን ነገር እንዲጽፉልን ነው። የእርስዎ ባለቤት በእናትዎ ቤት ስሟ ማን ነው?»

ብዕር ጠየቁና ረቂቁ ላይ «ይታተም» ብለው ጻፉ።

ደብዳቤው ሊታተም ሲል መብራት ጠፋ። ማንም አልተነሳም። ሰዓቱ ወደ አምስት ተኩል ሲሄድ፣ ዓርብ ደግሞ በአምስት ተኩል የምሳ ሰዓት ነው፣ መዝጋቢዋ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት መጣ። እናቴ አውራ ጣቷን እስከ አንጓዋ ድረስ ቀለም ውስጥ ነከረችው። «ጥሩ አድርጎ ይታይ» አለች ለመዝጋቢዋ።

ቅዳሜና እሑድ

በመልስ መንገዴ ፋይሉ ጉልበቴን አልለቀቀም፤ ሰማዩ ግን ጠብታ እንኳ አላወረደም። እናቴ ቅዳሜ ማለዳ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። «ማርቆስ በሰላም ግባ» አለች። ስለ አሜሪካ ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም፤ ግን ዝምታዋን አሁን ማንበብ እችል ነበር፣ እሱም ይከብዳል። ቢቸና ባለ ካውያዋን ስማቸውን ጠርቼ አመስግኜ፣ እሑድ ማታ ሳይመሽ ማርቆስ ገባሁ።

ለሜሮን ደወልኩ። «የለም» ያልነውን ቦታ ከፍታ «ኑሪልኝ» ብላ ሞላችው። ፊደል በፊደል ስታነብልኝ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ኔትወርኩ መስሎኝ «አለሽ?» ስላት «አለሁ» አለችኝ፣ እያለቀሰች ነበር። የስሙን ውስጠ ወይራ ነግሬያት ነው።

ሰኞ ጠዋት አማካሪውን ቢሮው በር ላይ አገኘሁትና ደብዳቤውን አሳየሁት። አንብቦ «ይህ ይመለሳል» አለ። «ሁለት ስም ያለባት ሴት ጥርጣሬ ነው። 'በስህተት' ቢል ኖሮ…» ሳይጨርስ ተለየሁት። ያ ዓረፍተ ነገር ለሚያስፈልገው ሁሉ ይኸው ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ቅዱት። የየኔታ ነው፣ በነጻ ነው፣ ጠበቃ አልነካውም።

ኤምባሲው ደጅ

ቀጠሮው የመጣው ከወራት በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ ሦስተኛ ጊዜው ነው፣ ወረቀቶቼን አይቶ ደነገጠ። «ስማኝ፣ ሲጠይቁህ 'በስህተት ነው' በልና እለፍ። አጭር መልስ ይወዳሉ። ሚስትህን አትፈልግም?» አለኝ። እፈልጋታለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈልጌያት አላውቅም። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

ቆንስሏ የእናቴን የጣት አሻራ ያለበትን ወረቀት ብዙ አየችው። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀችኝ፦ «የጋብቻው ወረቀት ኑሪልኝ ይላል፤ ፓስፖርቱ ሜሮን ይላል። ስህተቱ የትኛው ነው?»

አፌ ላይ መጣች፤ ያቺ ቃል። ቀላል ነበረች።

«ስህተት የለበትም» አልኩ። «ሁለቱም ስሟ ነው። አንዱን አባቷ፣ አንዱን እናቴ አወጡላት። ስሙን ያወጣችው አለች፣ ጥሩልኝ ካላችሁ በእግሯም ቢሆን ትመጣለች።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ቆንስሏ ወደ ፎቶዎቹ ዞረች፣ ሌላ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ጻፈች፣ ጻፈች። በመጨረሻ «ፓስፖርትህን እዚህ ተወው» አለች። እዚያ ወረፋ የቆመ ሰው ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል፤ ፓስፖርቱ የሚቀረው ቪዛ ሊለጠፍበት ነው።

ውጭ ወጥቼ አያ ሙሉቀን ጋ ደወልኩ፤ ስልክ ያለው እሱ ነው። እናቴን ጠርቶ አገናኘኝ። ተሰጠህ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።

«ጠየቁህ?» አለችኝ።

«ጠየቁኝ። ስህተቱ የትኛው ነው አሉኝ።»

«ምን ብለህ መለስክ?»

«ስህተት የለበትም አልኩ።»

የነፋስ ድምፅ ይሰማኛል፣ እርሻ ላይ ናት መሰለኝ።

«በል እንግዲያው ሂድ» አለችኝ።